ፉርጎና ቦቴ፦ ወይን ጠጅ በሐዲድ ላይ ስላደረገው ጉዞና ስለ ራሳችን የባቡር ታሪክ

መግቢያ

በቶሮንቶ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በስካርቦሮ ለሚኖር ሰው የዕቃ ባቡር ድምፅ የሌሊቱ አንድ አካል ነው። የካናዲያን ፓሲፊክ ኩባንያ በ1964 በአጂንኮርት አካባቢ የከፈተው ሰፊ የባቡር ግቢ ቅርብ በመሆኑ፣ ፉርጎ ከፉርጎ ጋር ሲጋጠም የሚያሰማው ጉምጉምታ እንቅልፍ ላጣ ስደተኛ ሌላ ግቢና ሌላ ፉጨት ያስታውሰዋል። ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ ለገሐርን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ይህን አጭር ጥናት እንድናቀርብ ያነሣሡን ሁለት ተራ ቃላት ናቸው። አንደኛው «ፉርጎ» ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ በፈረንሳዮቹ ዘንድ በተለይ የጓዝ መጫኛ የሆነውን የባቡር ክፍል ያመለክታል፤ በእኛ አፍ ግን ሰውም ጫነ ከብት፣ ጨውም ጫነ ቡና፣ በሐዲድ ላይ የሚጎተተው ሁሉ ፉርጎ ሆኗል። ሁለተኛው «ቦቴ» ነው። ዛሬ ቦቴ ስንል ነዳጅ ወይም ውሃ የሚያመላልሰውን መኪና ማለታችን ነው። የቃሉ ምንጭ ጣልያንኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የመጀመሪያ ትርጉሙ ወይን ጠጅ የሚጠራቀምበት ትልቅ የእንጨት በርሜል ነው። እንግዲህ ሳናስተውለው በየቀኑ የምንጠራው ቃል ከወይን ጠጅ ጎተራ ወጥቶ፣ መንኰራኵር ላይ ወጥቶ፣ ቤንዚን ተሞልቶ ወደ እኛ የደረሰ ነው።

በአውሮፓ በርሜሉና ፉርጎው በእውን የተገናኙበት ዘመን ነበረ። ለወይን ጠጅ ብቻ ተብለው የተሠሩ፣ በርሜል የተሸከሙ የባቡር ፉርጎዎች ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 20ኛው አጋማሽ ድረስ የፈረንሳይን ሐዲዶች ሞልተውት ነበር። የእኛን ባቡር የሠሩትም እነዚሁ ፈረንሳዮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ የባቡር መስመር ለየትኛው ጭነት የተለየ ፉርጎ ይሠራል? ለየትኛውስ አይሠራም? መልሱ ባቡሩ የማን እንደነበረ ከብዙ የውል ወረቀት ይልቅ በግልጽ የሚናገር ይመስለናል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. «ፉድር» የተባለው ፉርጎ

ባቡር ከመምጣቱ አስቀድሞ የደቡብ ፈረንሳይ ወይን ጠጅ ወደ ፓሪስ ይደርስ የነበረው በጋሪ፣ በወንዝና በቦይ ጀልባ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ፓሪስ ከሜዲትራንያን ዳርቻ ጋር በሐዲድ ስትገናኝ፣ መጀመሪያ የተለወጠው መንገዱ እንጂ ዕቃው አልነበረም። ወይን ጠጁ እንደ ድሮው በትንንሽ በርሜሎች ተሞልቶ፣ በተራ ፉርጎ ላይ እየተደረደረ ይጫን ነበር። በርሜል ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል። መንከባለል፣ ማንሣት፣ ማሰር፣ ማውረድ፣ ከዚያም ባዶውን ቆጥሮ መመለስ፣ ይህ ሁሉ ጉልበትና ገንዘብ ነው። ስለዚህ በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ ነጋዴዎቹ በርሜሉን እጅግ አተልቀው ከፉርጎው ጋር አንድ አካል አደረጉት።

ይህ ትልቅ በርሜል በፈረንሳይኛ «ፉድር» ይባላል። ፈረንሳዮቹ ቃሉን የወሰዱት ከጀርመንኛ ሲሆን፣ በዚያ ጥንታዊ ትርጉሙ «አንድ የጋሪ ጭነት» ማለት ነበር። ከጋሪ ተነሥቶ የበርሜል ስም የሆነው ቃል፣ በባቡር ዘመን ተመልሶ መንኰራኵር ላይ ወጣ ማለት ነው።

የዕቃው አሠራር ቀላል ይመስላል። ጠፍጣፋ ባለ አራት መንኰራኵር ፉርጎ ላይ አንድ ወይም ሁለት የወይራ ዘመድ ሳይሆን የባሉጥ እንጨት በርሜሎች ተጋድመው በብረት ቀበቶና በወፍራም ሽቦ ይታሰራሉ። ከላይ መሙያ ቀዳዳ፣ ከታች መቅጃ ቧንቧ አላቸው። በብዙዎቹ ጫፍ ላይ ፍሬን የሚይዘው ሠራተኛ የሚቀመጥባት ጠባብ ጎጆ ትታያለች። በጎኑ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ነጋዴ ስምና ከተማ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ አብዛኞቹ ፉድሮች የባቡር ኩባንያው ሳይሆኑ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች የግል ንብረት ነበሩና። ኩባንያው ሐዲዱንና ሎኮሞቲቩን ያቀርባል፤ ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ይመጣል።

ይሁን እንጂ ፈሳሽን በእንጨት ጋን ሞልቶ በሐዲድ መላክ የራሱ ጭንቅ ነበረው። በሦስት ከፍለን እንመልከተው።

አንደኛው የክብደት ነገር ነው። አንድ ሄክቶሊትር፣ ማለትም 100 ሊትር ወይን ጠጅ፣ 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 15 ቶን መሸከም የሚችል ፉርጎ፣ የእንጨቱና የብረቱ ክብደት ሲቀነስ፣ ከ150 ሄክቶሊትር በታች ይጭናል። የበርሜሉን መጠን የሚወስነው የነጋዴው ፍላጎት ሳይሆን የመንኰራኵሩ አቅም ነበር። ከዚህም ሌላ በርሜሉ አፉ ድረስ መሞላት አለበት። ከጎደለ ባቡሩ በቆመና በተነሣ ቁጥር ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ማሰሪያውን ያላላል፤ ክፍት በሆነው ቦታ የገባው አየርም ወይን ጠጁን ወደ ኮምጣጤ ይመራዋል።

ሁለተኛው የእንጨቱ ጠባይ ነው። በርሜል ውኃ የማያሳልፈው ሳንቃዎቹ እርጥብ ሆነው ሲያብጡና ሲጣበቁ ነው። ባዶውን በፀሐይ ቆሞ የሰነበተ ፉድር ይሰነጠቃል፤ ሲሞሉት ያፈሳል። እርጥብ ሆኖ ባዶውን ከተተወ ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ ከየጉዞው በኋላ ማጠብና በውስጡ ድኝ ማጠን ግድ ነበር። የእኛ እናቶች የጠጅ ጋን በወይራ ጢስ ሲያጥኑ የሚያደርጉት ነገር በዓላማው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዕቃው ካልታጠነ መጠጡ አይታመንም።

ሦስተኛው የጥበቃ ነገር ነው። በፈረንሳይ ወይን ጠጅ በየደረጃው ቀረጥ የሚከፈልበት ሸቀጥ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ጭነት በወረቀት ይሸኛል፤ መሙያውና መቅጃው በእርሳስ ማኅተም ይታሸጋል። ይህም ሆኖ በጎን በኩል ቀጭን ቀዳዳ በስቶ መቅመስ፣ ከዚያም በእንጨት ሹል መድፈን የሚችል እጅ በየጣቢያው አይጠፋም ነበር።

፪. ፉድሩ ያመጣው ለውጥ

ይህ ፉርጎ የፈረንሳይን ኑሮ ለውጧል ብንል አላጋነንም። ወይን ጠጅ ቀድሞ ከሚመረትበት አገር ውጭ የባለጸጎች መጠጥ ነበረ። ባቡሩ ግን ከላንግዶክ፣ ከቤዚዬና ከናርቦን ሜዳ የሚወጣውን ርካሽ ቀይ ወይን ጠጅ በቀጥታ ወደ ፓሪስ፣ በተለይም በሴን ወንዝ ዳር ወደሚገኘው የቤርሲ መጋዘን ሰፈር አደረሰው። በዚያ ይቀላቀላል፣ ይጣራል፣ ለየመጠጥ ቤቱ ይከፋፈላል። የፋብሪካ ሠራተኛው ከእንጀራው ጋር እኩል የሚቆጥረው የዕለት መጠጥ አገኘ።

በሌላኛው ጫፍ የላንግዶክ ገበሬ እህሉንና ወይራውን ትቶ መሬቱን በሙሉ በወይን ተክል ሸፈነው። ዋጋው ጥሩ ሲሆን ሁሉም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለች ጥቃቅን የሥር ተባይ ተክሉን ፈጀችው፤ ብዙው ወይን በአሜሪካ ግንድ ላይ እየተዳቀለ እንደገና እስኪተከል ድረስ ረዥም ዓመታት ወሰደ። ተክሉ ሲያገግም ደግሞ ምርቱ ከገበያው በለጠ፤ በስኳርና በውኃ የሚቀላቀለው ሐሰተኛ ወይን ጠጅም ተጨመረበትና ዋጋው ወደቀ። በ1907 የላንግዶክ ገበሬዎች አመፁ። ሰኔ 9 ቀን በሞንፔሊዬ ከተማ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ በናርቦን ወታደር ተኩሶ ሰው ገደለ፤ ከአገሬው ልጆች የተመለመለ አንድ የእግረኛ ጦር ሬጅመንትም ትእዛዝ አልቀበልም አለ። መንግሥትም በዚያው ወር ሐሰተኛ ወይን ጠጅን የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ያ ፉርጎ በሁለቱም ጫፍ ሰው ነበረው። በአንደኛው ጫፍ የሚያመርት ገበሬ፣ በሌላኛው የሚጠጣ ሠራተኛ፣ በመካከሉም ሁለቱን የሚዳኝ መንግሥት፤ ሦስቱም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ገበሬው ሲከፋው የሚጮኽበት አደባባይና ጩኸቱን ሰምቶ ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት ነበረው።

የእንጨቱ ፉድር በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ቀስ በቀስ ለብረት ታንከር፣ በኋላም ለመኪና ቦቴ ቦታውን ለቀቀ። የቤርሲ መጋዘኖችም ተዘግተው ዛሬ መናፈሻና የገበያ ሰፈር ሆነዋል፤ ሆኖም በድንጋይ ንጣፉ መካከል የወይን ጠጅ ባቡሮቹ ሐዲድ ሳይነቀል ቀርቷል። ከፉድሮቹም ጥቂቶቹ ታድሰው በሙዚየም ይታያሉ። ፈረንሳዮች የነገሥታቶቻቸውን ሠረገላ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን መጠጥ የጫነውን በርሜልም ታሪክ ነው ብለው አስቀምጠውታል።

፫. ከጅቡቲ እስከ ለገሐር

ወደ ራሳችን እንመለስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ አዲስ በተቆረቆረችው ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ሲወድቅ፣ በጥር 1908 በንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም በዶክተር ቪታልዬን ስም አዲስ ፈቃድ ተሰጠና የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ተቋቋመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

በዚያው በጥር 1908 ሌላ ውል ተፈርሟል። ይኸውም የፈረንሳይ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ ከምኒልክ መንግሥት ጋር የተዋዋለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። አንባቢያን ይህን ውል የሚያስታውሱት በአብዛኛው በውጭ አገር ዜጎች የዳኝነት መብት ምክንያት ነው። በውስጡ ግን ለርእሳችን የሚቀርብ አንድ አንቀጽ አለ፤ ወደ ኢትዮጵያ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዲሆን ሲወስን፣ ለወይን ጠጅና ለመሰል መጠጦች ግን ወደ 8 በመቶ ዝቅ አደረገው። ገና ሐዲዱ ከድሬዳዋ ሳያልፍ የወይን ጠጅ መግቢያ በር ከሌላው ሸቀጥ በላይ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። የላንግዶክ ገበሬ ካመፀ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ፓሪስ ለወይን ጠጇ ገበያ በምትፈልግበት ሰዓት፣ የአዲስ አበባ መንግሥት በገዛ ኬላው ላይ ቀረጡን ከፍ የማድረግ ነጻነቱን በውል አጥቷል። በኋላ ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት በመጠጥ ላይ ተጨማሪ ግብር ለመጣል ሲነሣ፣ ሌጋሲዮኖቹ ይህንኑ ውል እየጠቀሱ ይሟገቱት ነበር።

ታዲያ በር የተከፈተለት ወይን ጠጅ በምን ተጭኖ መጣ? በፉድር አይደለም፤ በሣጥን በተደረደረ ጠርሙስና በትንሽ በርሜል ነው። ምክንያቱን ከላይ ካየነው አሠራር መረዳት ይቻላል። ፉድር በየቀኑ የሚጠጣ፣ ብዙና ድኻ ሕዝብ ይፈልጋል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ወይን ጠጅ ይጠጡ የነበሩት ግን ሌጋሲዮኖች፣ የባቡር ሹማምት፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ መኳንንቱና ሆቴሎቹ ነበሩ። ቁጥራቸው ትንሽ፣ ዋጋ የመክፈል አቅማቸው ትልቅ ነው። እንዲህ ላለው ገበያ ጠርሙስ ይበቃል። ሁለተኛም፣ እርጥበቱን ካጣ የሚሰነጠቅ የእንጨት ጋን በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ላለው በረሃ የተፈጠረ ዕቃ አይደለም። የመንገደኛ ባቡር በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን በሚወስድበት መስመር፣ ሙቀቱ ራሱ ወይን ጠጁን ያበላሸዋል።

በእኛ መስመር ላይ ፈሳሽ ለመጫን የተለየ ታንከር የተሠራለት ሌላ ነገር ነው፤ ውኃና ነዳጅ። በበረሃው ውስጥ ለሚኖሩ የጣቢያ ሠራተኞችና ለእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የውኃ ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። በፈረንሳይ ፉድሩ ለደስታ ሲሮጥ፣ በአገራችን የእርሱ ወንድም የሆነው ታንከር ለጥም ይሮጥ ነበር።

፬. ጠጁ ቀርቶ ሰፈፉ ተሳፈረ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ኢትዮጵያ የራሷ መጠጥ ነበራት። «ወይን ጠጅ» የሚለው ስም ራሱ ይመሰክራል፤ ለአባቶቻችን መሠረቱ ጠጅ ሲሆን፣ የወይኑ መጠጥ «ከወይን የተሠራ ጠጅ» ተብሎ ከእርሱ በኋላ ስም ወጣለት። ታዲያ ስለምን ጠጅ በባቡር ተጭኖ ባሕር አልተሻገረም?

አንዱ ምክንያት የመጠጡ ጠባይ ነው። በጌሾ የተጠነሰሰ ጠጅ ካልተጣራና እርሾው ካልሞተ መፍላቱን አያቆምም፤ ከታሸገ ዕቃውን ይፈነዳል፤ ከተከፈተ ይኮመጥጣል። በቤቱ ተጥሎ በሰፈሩ የሚጠጣ እንጂ ለሩቅ ጉዞ የተበጀ መጠጥ አልነበረም። ሆኖም የፈረንሳይ ወይን ጠጅም መጀመሪያ እንዲሁ በቀላሉ የሚበላሽ ነበር። ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ የወይን ጠጅ በሽታዎችን ያጠናው፣ በማሞቅም እንዴት ሊጠበቅ እንደሚችል ያሳየው መንግሥት ስለጠየቀው ነው። ለአንዱ መጠጥ ሳይንቲስት፣ ፉርጎና ውል ተዘጋጀለት፤ ለሌላው ማንም አላሰበለትም።

ከጠጅ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ግን በባቡራችን ተሳፍሯል። ማር ለጠጅ ሲበጠበጥ ሰፈፉ ተንሳፎ ይቀራል፤ ሰፈፉም ሲነጠር ሰም ይሆናል። ሰም ደግሞ ከቡናና ከቆዳ ጋር በጅቡቲ በኩል ይወጡ ከነበሩት የታወቁ የኢትዮጵያ ሸቀጦች አንዱ ነበር። መጠጡ በየቤቱ ሲጠጣ ቅሪቱ ለአውሮፓ ፋብሪካ ተሸጠ። ጠጁ ቀርቶ ሰፈፉ ተሳፈረ ብንል፣ ይህ የጨዋታ አነጋገር ሳይሆን የወቅቱ ንግድ ትክክለኛ ሥዕል ነው። ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ሰሙም ጥሬውን ወጣ፤ የተሠራው ነገር ታሽጎ ገባ።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ገጽ መጥቀስ ይገባናል። ባቡሩ የውጭ ሰዎች ብቻ አልነበረም። በ1980ዎቹ በዚያ መስመር የተጓዝን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ በየጣቢያው አትክልትና ፍራፍሬ፣ ጫትና ወተት የሚያሳፍሩ ሴቶች ነበሩ። ጭነታቸውን የሚያስቀምጡት በሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚ ሥርና በመተላለፊያው ላይ ነው። ሕዝቡ ለራሱ ጭነት የተበጀ ፉርጎ ባያገኝ እንኳ ፉርጎውን ለራሱ ጭነት አበጀው። ይህ ታሪክ በኩባንያው መዝገብ ከሚገኘው ይልቅ በእነዚያ ሴቶች ትዝታ ውስጥ ይገኛል።

በአገር ውስጥ ወይን ጠጅ መጥመቅም ከጣልያን ወረራ ዘመን ወዲህ ሥር ሰዷል። የጉደርንና የአዋሽን ስም የማያውቅ የእኛ ትውልድ የለም። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ ቆይቶ በ2013 ወደ ግል ተዛውሯል፤ በዝዋይም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይን ተክሎ በ2014 ፋብሪካውን አስመርቋል። እነሆ ኢትዮጵያ ወይን ጠጅ ወደ ውጭ መላክ በጀመረችበት ዘመን፣ ያ አሮጌ ሐዲድ ከአዲስ አበባ ወዲያ መሥራቱን አቁሞ ነበር።

፭. የስካርቦሮው ጠባብ ሐዲድ

አንባቢያን ስካርቦሮ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ትሠራለች ይሉ ይሆናል። ከአጂንኮርት ጣቢያ ተነሥቶ በየጠዋቱ ሠራተኛውን ወደ መሐል ቶሮንቶ የሚያመላልሰው የስቶፍቪል መስመር ባቡር የሚሄድበት መንገድ በ1871 የተከፈተው የቶሮንቶና የኒፒሲንግ ባቡር ነው። ይህ መስመር ሲሠራ የሐዲዱ ስፋት 1.067 ሜትር ብቻ ነበር፤ ከእኛው የሚበልጠው በ6 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ጠባብ ሐዲድ በርካሽ ይሠራል።

ገንዘቡን ካወጡት ዋነኞች መካከል በቶሮንቶ የታወቀውን የጉደርሃምና ዎርትስ የዊስኪ ፋብሪካ የያዘው ቤተሰብ ይገኝበታል። (ስሙ ከጉደር ወይን ጠጃችን ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው።) ፋብሪካው እህል ይፈልጋል፤ ገጠሩ እህልና ማገዶ አለው፤ ባቡሩ ሁለቱን አገናኘ። መዳረሻውም ከፋብሪካው አጠገብ ነበር። እንግዲህ እዚህም የመጠጥ ነጋዴ ባቡር ሠርቷል፤ ነገር ግን እንደ ላንግዶክ ሁሉ ገበሬውም ጠማቂውም ጠጪውም በአንድ አገር ሕግ ሥር ነበሩ።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ መስመሩ በሌላ ኩባንያ ሥር ገብቶ ሐዲዱ ወደ ተለመደው ስፋት ተለወጠ። በዚያን ጊዜ የጠባቡ ሐዲድ ፉርጎዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ወላጅ አልባ ሆኑ። መንኰራኵራቸው የሚቆምበት ሐዲድ አጥቷልና። ዛሬ በዚያ መንገድ በየቀኑ ከሚመላለሰው ሕዝብ መካከል፣ ከእግሩ በታች የእህልና የዊስኪ ታሪክ እንዳለ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

መደምደሚያ

ይህን የስካርቦሮ ምሳሌ ያመጣነው ለከንቱ ንጽጽር አይደለም። ያው ዕጣ በእኛ ፉርጎዎች ላይ ደርሷልና። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። ከአሮጌው መስመር አንድም ፉርጎ በዚያ ላይ ሊሄድ አይችልም። ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ መሐል ወጥተው ወደ ዳር ሄደዋል። በ2018 ደግሞ በለገሐር ዙሪያ ትልቅ የሕንፃ ግንባታ እቅድ ይፋ ሆኗል። በአዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱ ሳሎን ፉርጎዎች ተጠብቀው መቆየታቸው ያስደስተናል። በድሬዳዋም አሮጌው የጥገና ጋራዥ ከነመሣሪያው ለጎብኚ ይታያል። ነገር ግን ግርማ ያለው ዕቃ ሁልጊዜ ጠባቂ አያጣም፤ የሚጠፋው ተራው ነው። ጨው የጫነው፣ ውኃ ያመላለሰው፣ ሰምና ቆዳ የሸተተው፣ ቁጥሩ በነጭ ቀለም የተጻፈበት የዕቃ ፉርጎ በኪሎ የሚሸጥ ብረት ሆኖ ከመቅረቱ በፊት ሰነድ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ሰነድነቱም በትክክል እንዲህ ነው። የአንድ ፉርጎ ቅርጽ ምን እንደተጫነ፣ ከየት ወዴት እንደተጫነ፣ ለማን ተብሎ እንደተሠራ ይናገራል። ፉድሩ የፈረንሳይን ገበሬና ሠራተኛ ታሪክ እንደያዘ ሁሉ፣ የእኛም የውኃ ታንከር፣ ክፍት የጨው ፉርጎና ዝግ የቡና ፉርጎ የኢትዮጵያን ንግድ ሚዛን በእንጨትና በብረት ጽፈው ይዘዋል።

በስደት ያለን የጥናት ሰዎች ከዚህ ሩቅ ሆነን ፉርጎ ልንጠብቅ አንችልም። ልናደርግ የምንችለው ግን ትንሽ አይደለም። በቶሮንቶ፣ በማርሴይ፣ በጅቡቲና በሌላም ከተማ የባቡሩ ሠራተኞችና ልጆቻቸው በመካከላችን አሉ። የሥራ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ፣ የቤት ቋንቋቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ የነበረ፣ ፉርጎውን በቁጥሩ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ አርጅተዋል። ቃላቸውን መመዝገብ፣ በየመሳቢያው ያለውን ፎቶግራፍና የሥራ ደብተር ቅጂ መሰብሰብ፣ በፈረንሳይ ቤተ መዛግብት ያለውንም እያጠኑ ከዚህ ጋር ማመሳከር የእኛ ድርሻ ነው። በአገር ቤት ላሉ የሥራ ባልደረቦቻችንም የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ ከየዓይነቱ ቢያንስ አንድ አንድ የዕቃ ፉርጎ ቁጥሩ ሳይፋቅ በድሬዳዋ ይቀመጥ።

ፉርጎና ቦቴ የሚሉትን ቃላት ከባዕድ ተቀብለን የራሳችን አድርገናል። ቃላቱ ዛሬም በልጆቻችን አፍ አሉ። ቃሉ ቀርቶ ዕቃው ከጠፋ ግን፣ የሚመጣው ትውልድ ስሙን እየጠራ ምን እንደነበረ የማያውቀው አንድ ተጨማሪ ነገር አስረከብነው ማለት ነው።